የኢንተርኔት ወረፋ ዳኛ ማን ነው? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከመሥመሩ ባሻገር ያለው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛን በየአቅጣጫው አንድ ከተማ ይቀበለዋል። የጅማን መንገድ የያዘ በሰበታ፣ የአምቦን መንገድ የያዘ በቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ የጎጃምን መንገድ የያዘ ደግሞ በሱሉልታ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ለዋና ከተማዋ ወተትና አትክልት፣ የታሸገ ውኃና የፋብሪካ ምርት ያቀርባሉ። ከክልሎች ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ሰውና ዕቃም ብዙው በእነርሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ዛሬ በከተሞቹ የሚያልፈው ግን ሰውና ዕቃ ብቻ አይደለም። የወተት ሒሳብ በቴሌብር ይከፈላል። የነዳጅ ግዢ በስልክ ይወራረዳል። የነዋሪው መረጃ ከፋይዳ ቁጥሩ ጋር ይመሳከራል፤ የፋብሪካ የጭነት ሰነድ በኢንተርኔት ይላካል። አገልግሎቱ ሲንቀራፈፍ በየመስኮቱ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ኔትወርክ የለም»። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም እንዲሁ አንድ ነው፦ መሥመሩ ይስፋ፣ አዲስ መሣሪያ ይገዛ።

ቅሬታው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ሁልጊዜ ተገቢ አይደለም። ባለፉት ዐሥር ዓመታት በዓለም የኔትወርክ ምህንድስና ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ የመሥመር ስፋት ሳይሆን፣ በመሣሪያው ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ መለወጥ ነው። የትኛው መረጃ ቀድሞ ይለፍ፣ የትኛው ይጠብቅ፣ የትኛው ይቆጠር የሚለው ውሳኔ ሊሻሻል በሚችል ሶፍትዌር ይሰጥ ወይስ አምራቹ ወስኖ ባስቀመጠው ቺፕ? ጥያቄው ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሕዝብ ገንዘብ ራውተር የሚገዛ የከተማ አስተዳደር፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ መልሱን ሳያውቅ ዋጋውን ይከፍላል።

ማነቆው ከየት ወዴት ተሻገረ?

ሱሉልታ በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የራሷ ሥፍራ አላት። አገሪቱን በሳተላይት ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኝ የነበረው የምድር ጣቢያ የተተከለው በዚያ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። ድምፅም ሆነ ጽሑፍ ወደዚያ ወጥቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ፣ ለጥያቄው መልስ እስኪገኝ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ብርሃን ከሚጓዝበት ፍጥነት በላይ መሄድ ስለማይቻል፣ ይህን መዘግየት የትኛውም መሐንዲስ ሊያሳጥረው አይችልም። በዚያ ዘመን ማነቆው ርቀቱ ነበር።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗ ከባሕር ጠለል በታች ከተዘረጉት ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል በሚያልፉ የፋይበር መሥመሮች ነው። ፋይበር የርቀቱን ጣጣ በእጅጉ አቃልሏል። ለንጽጽር፣ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር መሥመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህን የሚያህል ርዝመት ባለው ፋይበር ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን ግን ጉዞውን ከአንድ ሰከንድ 4 ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል።

ከዚያ ወዲህ ውድድርም ተጨምሯል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለግል ባለሀብት ከከፈተ በኋላ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ በ2014 ዓ.ም. አምስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ በዋና ከተማዋ አስጀመረ፤ በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያም የደንበኞቹ ቁጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። መሥመሩ እየሰፋ፣ ተጠቃሚው እየበዛ ሲሄድ ማነቆው ቦታ ይለውጣል። ከሰማይ ወደ ገመድ የመጣው ችግር አሁን ከገመዱ ጫፍ ወደ ተሰካው መሣሪያ እየገባ ነው።

በመሣሪያው ሆድ ውስጥ

በኢንተርኔት የሚላክ ማንኛውም ነገር፣ ፎቶም ሆነ የክፍያ ማረጋገጫ፣ በአንድነት አይጓዝም። ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ይከፋፈላል። አንዱ እሽግ በተለመደው አሠራር ከ1,500 ባይት አይበልጥም። እያንዳንዱ እሽግ ላኪውንና ተቀባዩን የሚገልጽ አድራሻ በግንባሩ ላይ ይዞ ይጓዛል፤ በየመገናኛውም አድራሻው ይነበባል።

አድራሻውን የሚያነበው ከርነል የሚባለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ከርነል በመሣሪያው አካልና በላዩ በሚሠሩት ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ ሁሉን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች፣ ብዙዎቹ የቤትና የቢሮ ራውተሮች፣ የአንድሮይድ ስልኮችም በሙሉ የሚሠሩት ሊኑክስ በተሰኘው ከርነል ነው። አንድ እሽግ ሲደርስ የኔትወርክ ካርዱ ተቀብሎ ለከርነሉ ያሳውቃል። ከርነሉ ማስቀመጫ ቦታ ያዘጋጃል፣ አድራሻውን ያነባል፣ የጥበቃ ደንቦችን ያገናዝባል፣ መውጫውን ይመርጣል፣ ወረፋ አስይዞም ያስወጣል።

ይህ ሁሉ ለአንድ እሽግ ቀላል ነው። ለብዙ እሽግ ሲሆን ግን ስሌቱ ይከብዳል። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት በሚያስተላልፍ መሥመር ላይ እጅግ ትንንሾቹ እሽጎች ብቻ ቢመጡ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ 67 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ ናኖ ሰከንድ ደግሞ የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ባለ 3 ጊጋ ኸርዝ ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያከናውነው 200 ምት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከማስታወሻ ቋት አንድ መረጃ ማምጣት ብቻውን የዚህን ብዙ ክፍል ሊወስድ ይችላል። የተለመደው የከርነል አሠራር እዚህ ላይ ይሸነፋል።

አሁን ስሌቱን ወደ አንድ የሱሉልታ ወይም የቡራዩ ቢሮ እንመልሰው። ቢሮው የተከራየው መሥመር በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት ነው እንበል። መሥመሩ በሙሉ እሽጎች ቢሞላ በሰከንድ የሚያልፉት 1,700 ገደማ ናቸው። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ 600 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይህም ከ67 ናኖ ሰከንዱ ወደ 9,000 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በቢሮው ያለው ርካሽ ራውተር እያንዳንዱን እሽግ መርምሮ፣ ቆጥሮና አመዛዝኖ ለማሳለፍ በቂ ጊዜ አለው። ትልቁ የመረጃ ማዕከልና ትንሹ ቢሮ በአንድ ቋንቋ ስለ «ፍጥነት» ቢያወሩም ችግራቸው አንድ አይደለም።

እምብርቱን ማዘዝ የቻለ ሶፍትዌር

ለትልልቆቹ ችግር የመጀመሪያው መልስ ከሶፍትዌር መጣ። ሥሩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ላይ ስቲቨን ማካንና ቫን ጃኮብሰን የተባሉ የአሜሪካው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ቢፒኤፍ የተሰኘ ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው ተጠቃሚው የሚፈልጋቸውን እሽጎች ብቻ የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም ወደ ከርነሉ እንዲያስገባ ያስችላል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ይህ ሐሳብ ሰፍቶና ተጠናክሮ ኢቢፒኤፍ በሚል ስም የሊኑክስ አካል ሆነ።

የኢቢፒኤፍ ቁም ነገር የሚገኘው ከመግቢያው በር ላይ ነው። የከርነልን ሥራ ለመለወጥ ቀድሞ ከርነሉን ራሱን አሻሽሎ እንደገና መገንባት፣ ወይም ቢሳሳት መላውን መሣሪያ ይዞ የሚወድቅ ተጨማሪ ክፍል መጫን ግድ ይል ነበር። አሁን ግን የሚገባው ፕሮግራም አስቀድሞ ይፈተሻል። ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ እንደማይገባ፣ ያልተፈቀደለትን የማስታወሻ ክፍል እንደማይነካ ካልተረጋገጠ አይጫንም። ምርጥ ዘር ለገበሬው ከመከፋፈሉ በፊት የብቅለት መጠኑና ንጽሕናው እንደሚመረመር ሁሉ፣ እዚህም ምርመራው ከመዝራት ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኤክስዲፒ የተባለ ተጨማሪ አሠራር መጣ። እሽጉ ገና ከኔትወርክ ካርዱ እንደደረሰ፣ ከርነሉ ምንም ወጪ ሳያወጣበት፣ ይለፍ ወይስ ይጣል የሚለውን በትንሹ ፕሮግራም ያስወስናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የገንቢዎቹ ጥናት በአንድ የፕሮሰሰር እምብርት ብቻ በሰከንድ እስከ 24 ሚሊዮን እሽግ ማስተናገድ እንደተቻለ አሳይቷል። ፌስቡክ የተጠቃሚዎቹን ጥያቄ ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍልበትን፣ ክላውድፍሌር ደግሞ የጥቃት እሽጎችን የሚጥልበትን ሥራ በዚሁ ላይ ገንብተዋል።

ነገሩ ከሩቅ ኩባንያዎች ሠፈር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ፣ በስልኩ ላይ ያለ እያንዳንዱ መተግበሪያ ምን ያህል ዳታ እንደተጠቀመ የሚቆጠረው በኢቢፒኤፍ ነው። በሜጋ ባይት ተለክቶ ጥቅል በሚሸጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በገጠርም ሆነ በከተማ ያለ ባለስልክ ጥቅሉ ያለቀው በምን እንደሆነ ለማወቅ የስልኩን ማስተካከያ ሲከፍት የሚያየው ቁጥር ከዚህ ቴክኖሎጂ የመነጨ ነው።

ዘዴው እንከን የለሽ አይደለም። በፈታሹ ክፍል ላይ በተደጋጋሚ የደኅንነት ክፍተቶች ተገኝተዋል። በዚህም ምክንያት ልዩ ፈቃድ የሌለው ተራ ተጠቃሚ ፕሮግራም እንዳይጭን መከልከል በሊኑክስ ዘንድ የተለመደ ሆኗል። እምብርቱን ማዘዝ የሚያስችል መሣሪያ በማን እጅ እንደሚቀመጥ መጠንቀቅ እንደሚገባ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

ሥራውን ለቺፕ ማስረከብ

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከሃርድዌር ነው። ከርነሉ የሚሠራውን ሥራ ከፊሉን ወይም በሙሉ ከፕሮሰሰሩ ላይ አንሥቶ ለኔትወርክ ካርዱ ወይም ለራውተሩ ልዩ ቺፕ ማስረከብ ነው። ቺፑ ለአንድ ሥራ ብቻ የተቀረጸ ስለሆነ እጅግ ፈጣን ነው፤ ኃይልም ይቆጥባል። በሰከንድ 100 ጊጋ ቢት በሚያስተላልፍ መሥመር ላይ ለአንድ ትንሽ እሽግ የሚደርሰው ጊዜ ወደ 6.7 ናኖ ሰከንድ ስለሚወርድ፣ በትልቅ የመረጃ ማዕከልና በቴሌኮም ኦፕሬተር ማዕከላዊ ኔትወርክ ውስጥ ሃርድዌሩ የማይታለፍ አማራጭ ይሆናል።

ይሁንና የሊኑክስ ገንቢዎች ከዚህ ጋር ያላቸው ግንኙነት ሁልጊዜ ጥርጣሬ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉውን የቲሲፒ ሥራ ለካርዱ የማስረከብ ሐሳብ ቀርቦላቸው አልተቀበሉትም። ያቀረቡት ምክንያት ዛሬም ሕያው ነው። በከርነሉ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ ማንም አይቶ ሊያርመው ይችላል፤ በቺፑ ውስጥ ያለ ስሕተት ግን አምራቹ ካልፈቀደ አይታይም፣ አይታረምም። ከዚህም በላይ በቺፑ በኩል የሚያልፈው እሽግ የከርነሉን የጥበቃ ደንቦች ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

መካከለኛው መንገድ ቺፑ ራሱ ፕሮግራም የሚቀበል እንዲሆን ማድረግ ነው። ለዚህ ሲባል ፒ-ፎር የተሰኘ የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2014 ቀረበ። በዚህ ቋንቋ የሚታዘዝ ቶፊኖ የተባለ ቺፕ ያመረተውን ቤርፉት የተሰኘ ኩባንያ ኢንቴል በ2019 እ.ኤ.አ. ገዛው። ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ግን ኢንቴል የቀጣዩን የቶፊኖ ትውልድ ልማት ማቆሙን አስታወቀ። ኔትወርካቸውን በዚያ ቺፕ ላይ ለማሳደግ ያቀዱ ተቋማት መንገድ ላይ ቀሩ። ፒ-ፎርን የሊኑክስ ከርነል አካል ለማድረግ የቀረበው ሐሳብም በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በገንቢዎቹ መካከል ረጅም ክርክር አስነሥቷል። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ፣ በተግባር የሚያስኬደው ሃርድዌር በበቂ ሁኔታ በሌለበት ይህን ሁሉ ኮድ ከርነሉ ውስጥ መሸከም ምን ይጠቅማል የሚል ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች ለገዢ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ቺፕ የገዛ ፍጥነትን ብቻ አይገዛም፤ የአምራቹን የነገ ውሳኔም አብሮ ይገዛል።

ቋት ሲበዛ

ወደ ከተሞቹ ስንመለስ፣ ትንሹ ቢሮ ችግሩ የፕሮሰሰር አቅም ካልሆነ ታዲያ ለምን ይንቀራፈፋል? ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው በወረፋው ውስጥ ነው።

በቡራዩ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያቀርቡት አንጋፋ ምንጮች አንዱ ነው። ለውኃ የቋት መስፋት በረከት ነው፤ ክረምት የሞላው በጋ ይጠጣል። ለመረጃ እሽግ ግን የቋት መስፋት መዘዝ አለው። ራውተሮች እሽግ ላለመጣል ሲሉ መሥመሩ ሲጨናነቅ እሽጎችን በማቆያ ያከማቻሉ። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሚልክ መሥመር ጫፍ ላይ 1 ሜጋ ባይት ማቆያ ቢሞላ፣ ከኋላ የመጣው እሽግ ተራው እስኪደርስ 0.8 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህ ከሱሉልታው የሳተላይት ዘመን መዘግየት ይበልጣል። ፋይበሩ ያሳጠረውን ጊዜ ያልተዳኘ ወረፋ መልሶ ይበላዋል።

ሁኔታውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ የጥበቃ ካሜራዎቹን ምስል ወደ ሩቅ ሰርቨር ይልካል እንበል። የሒሳብ ሠራተኛው በዚያው መሥመር የባንክ ማረጋገጫ ይጠብቃል። ማረጋገጫው ጥቂት መቶ ባይት ብቻ ነው፤ ከፊቱ የተደረደረው ግን የካሜራ ምስል ነው። በሱሉልታ ማለዳ ወተት የሚረከብ ማኅበርም እንዲሁ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ሶፍትዌሩን በሚያድስበት ጊዜ ለአርሶ አደሩ የሚላከው ክፍያ ከኋላ ተሰልፎ ይቆያል። አርሶ አደሩ ወረፋውን አያይም። የሚያየው ሳይከፈለው የረፈደበትን ሰዓት ነው።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ከተገኘ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ቫን ጃኮብሰን ከካትሊን ኒኮልስ ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ኮደል የተሰኘ ዘዴ አቀረበ። ዘዴው የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን እሽጉ በወረፋው የቆየበትን ጊዜ ይለካል፤ ቆይታው ከልክ ሲያልፍ ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ምልክት ይሰጣል። በዚያው ዓመት ኤፍኪው-ኮደል በሚል ስም በሊኑክስ ከርነል ገባ። ይህኛው የተጠቃሚዎችን ፍሰት ለያይቶ በየተራ ስለሚያሳልፍ ትንሹ ማረጋገጫ ከትልቁ ምስል ጀርባ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኬክ የተባለው፣ ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ራውተር የተዘጋጀው ተከታዩ መጣ። ሁሉም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ኦፕን ደብልዩ አር ቲ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር አማካይነት በብዙ ርካሽ ራውተሮች ላይ ሊጫኑ ይችላሉ።

የውኃ አባቱ ሲታለፍ

የሶፍትዌሩና የሃርድዌሩ መንገዶች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው።

በብዙ የመስኖ ቀዬዎች ተራ የሚያስጠብቅ የውኃ አባት ይመረጣል። የላይኛው ገበሬ ብቻ ጠጥቶ የታችኛው ማሳ እንዳይደርቅ፣ ማን መቼ ቦዩን እንደሚከፍት እርሱ ይወስናል። ቦዩ በሲሚንቶ ቢለሰን ውኃው ይፈጥናል፤ ብክነቱም ይቀንሳል። ነገር ግን አዲሱ ቦይ የውኃ አባቱ የሚቆጣጠረውን መክፈቻ አልፎ በቀጥታ ከተዘረጋ ፍጥነቱ ለላይኛው ማሳ ይሆናል፤ ዳኝነቱ ግን ይቀራል።

በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገኘው «የሃርድዌር ማፋጠኛ» የሚባለው ምርጫ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ምርጫው ሲከፈት አንድ ግንኙነት ከተጀመረ በኋላ ተከታዮቹ እሽጎች በቀጥታ በቺፑ በኩል ያልፋሉ፤ ከርነሉ አያያቸውም። ስለዚህም በከርነሉ ውስጥ ያሉት ኤፍኪው-ኮደልና ኬክ አይዳኟቸውም። በአንዳንድ መሣሪያዎች ቺፑ ያሳለፈውን መጠን መልሶ ለከርነሉ ስለማያሳውቅ ቆጠራውም ይዛባል። ገዢው «ማፋጠኛ» የሚለውን ቃል አይቶ ይከፍታል። የፍጥነት መለኪያው ቁጥር ያድጋል፤ የክፍያ መስኮቱ ግን ባለበት ይንቀራፈፋል።

በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት ለሚያስተናግድ ቢሮ ርካሹ ራውተር ያለ ማፋጠኛ ላይችል ይችላል፤ እዚያ ምርጫው ትርጉም አለው። በ20 ሜጋ ቢት ለሚተዳደር ጤና ጣቢያ ወይም ማኅበር ግን ማፋጠኛው የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የሚወስደው ዳኝነት ግን አለ።

እዚህ ላይ የመድኃኒቱን ወሰንም ማወቅ ያሻል። የወረፋ ዳኝነት የሚሠራው መጨናነቁ በራውተሩ ላይ ሲሆን ነው። ችግሩ በሞባይል ማማው ላይ ከሆነ፣ ወይም ኦፕሬተሩ ከራውተሩ በስተጀርባ ባለው መሥመር ከተጨናነቀ፣ በቢሮው ያለው ማስተካከያ ብዙ አይፈይድም። የመሥመሩ ፍጥነት በየደቂቃው በሚለዋወጥበት የሞባይል ግንኙነት ላይም ማስተካከሉ ይከብዳል። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ስለ ወረፋ መነጋገር ትርፉ ድካም ነው።

ከግዢ ሰነዱ እስከ ሥልጠናው

ጉዳዩ አሁን ክብደት የሚያገኘው የመንግሥት አገልግሎት በፍጥነት ወደ ዲጂታል እየተሸጋገረ በመሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር፣ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውና ወደ ክልሎች እየተስፋፋ ያለው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ብዙ መስኮቶች በአንድ መሥመር ላይ ሲሰበሰቡ ደግሞ ወረፋውን የሚዳኘው መሣሪያ እንደ ሕንፃውና እንደ ኮምፒውተሩ ሁሉ የአገልግሎቱ አካል ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ራውተርና ስዊች የሚገዛ ተቋም በግዢ ሰነዱ ውስጥ ሊያካትታቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ መሣሪያው ቢጨናነቅ ወረፋውን በፍትሐዊነት የሚዳኝ ዘዴ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ የሃርድዌር ማፋጠኛው ሊዘጋ ይችላል ወይ? ሲከፈትስ ያለፈውን መረጃ በትክክል ይቆጥራል ወይ? ሦስተኛ፣ አምራቹ ድጋፉን ቢያቆም በክፍት ሶፍትዌር ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል ወይ? አራተኛ፣ በከተማው ውስጥ ማስተካከል የሚችል ባለሙያ አለ ወይ? ከአራቱ አንዳቸውም ተጨማሪ መሥመር መከራየትን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ከግዢው በፊት መጠየቅን ነው።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ለወጣቶች የፕሮግራም ጽሕፈት፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ይሰጣል። መልካም ጅምር ነው። የኔትወርክን ሆድ የሚያውቅ፣ ወረፋን የሚለካ፣ ከርነልን የሚያነብ ባለሙያ ግን ከዚህ በተለየ መንገድ ነው የሚወጣው። ለሥልጠናው ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሊኑክስም ሆነ ኢቢፒኤፍ በነጻ ይገኛሉ፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ራውተር ለመጀመር ይበቃሉ። በከተሞቹ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህን በሥርዓተ ትምህርታቸው ቢያካትቱ፣ በየቢሮው «ኔትወርክ የለም» ሲባል ወረፋውን ለክቶ ምክንያቱን የሚናገር ሰው ይኖራል።

የመጨረሻው ነጥብ ኃላፊነትን ይመለከታል። እሽግን ማስቀደም የሚችል እጅ ማዘግየትም፣ መከልከልም፣ ማየትም ይችላል። ለወተት ክፍያ ቅድሚያ የሚሰጠው ፕሮግራምና የግለሰብን ግንኙነት የሚከታተለው ፕሮግራም የሚጫኑት በአንድ በር ነው። ስለዚህ ደንቡን ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው፣ መቼ እንደሚሻር ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚይዙ ተቋማት ላይ ግዴታ ጥሏል። የኔትወርክ መሣሪያ አስተዳደርም ከዚህ መንፈስ ውጭ ሊቆም አይገባም። በሶፍትዌር የተጻፈ ደንብ ሊነበብ ይችላል፤ በተዘጋ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ደንብ ግን በአምራቹ ቃል ብቻ የሚታመን ነው።

ከጎጃም የሚመጣው ጤፍ የጫነ መኪና በሱሉልታ በኩል ያልፋል፤ ከጅማ የሚመጣው ቡና በሰበታ፣ ከአምቦና ከወለጋ የሚመጣው እህል በቡራዩ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ኬላ ሲቆም ማን እንዳቆመው፣ ምን እንደሚፈትሽ፣ ስንት እንደሚያስከፍል ነጋዴውም ሾፌሩም ይጠይቃል። የመረጃው መንገድ ኬላዎችም በየቢሮው ጥግ፣ በመደርደሪያ ላይ፣ አረንጓዴ መብራታቸውን እያበሩ ተቀምጠዋል። ስለ እነርሱም እንዲሁ መጠየቅ የሕዝብ ገንዘብ የሚያወጣው ሁሉ ድርሻ ነው።